ልጃችሁ ሰልፍ እወጣለሁ ሲላችሁ

ይህን የምጽፈው እስራኤል ውስጥ ልጅ ለምታሳድጉ ቤተ እስራኤል፣ ማለት ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ወገኖቼ ነው። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ያላችሁም፣ ልጃችሁ "ፖሊስ በከንቱ አስቆመኝ" እያለ ቤት የሚገባ ከሆነ፣ ከዚህ የምትወስዱት ነገር አይጠፋም። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እኔ በሱዳን በኩል፣ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተጓጓዙበት በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ በ1984 መጨረሻ የመጣሁ ነኝ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የልጆች እናት ነኝ፤ የምሠራውም መጋሼር ሆኜ ነው። መጋሼር ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ለሌሎቻችሁ፦ በትምህርት ቤትና በወላጅ፣ በመሥሪያ ቤትና በቤተሰብ መካከል ገብቶ የሚያስተረጉምና የሚያግባባ ሰው ነው። ታዲያ በ2015ም በ2019ም ወጣቶቻችን አደባባይ ሲወጡ ስልኬ እረፍት አልነበረውም። የሚደውሉት እናቶችና አባቶች ናቸው። "ልጄ ሌሊቱን አልገባም፤ ምን ይሻለኛል?" "ልጄን አሠሩት አሉኝ፤ የት ልሂድ?" "አያቱ ተቆጥተው አላናግረውም ብለዋል፤ እባክሽ ነይና አስታርቂን።"

ስለ ሰልፉ በቴሌቪዥን ብዙ ተብሏል። ፖሊስ ምን አደረገ፣ መንግሥት ምን አለ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ተዘጋ። በየቤታችን ስላስነሣው ጭቅጭቅ ግን ማንም አልጠየቀንም። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጅ ውጭ በፖሊስ ተገፍቶ ቤት ሲገባ ደግሞ አባቱ ከገፋው፣ የት ይሂድ?

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤፕሪል 2015 መጨረሻ ላይ ዳማስ ፓካዳ የሚባል ወታደር ሆሎን ከተማ ውስጥ ብስክሌቱን ይዞ ሲሄድ አንድ ፖሊስና አንድ የፖሊስ በጎ ፈቃደኛ ያዙት። የወታደር ልብሱን እንደለበሰ መሬት ላይ ጥለው ደበደቡት። መጀመሪያ የታሠረው ራሱ ነበር፤ ፖሊስ መታ ተብሎ። ከክሱ ነጻ ያወጣው በቦታው የነበረ የጥበቃ ካሜራ ነው። ቪዲዮው ሲወጣ መጀመሪያ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎ ቴል አቪቭ ላይ በሺዎች ወጡ። ሜይ 3 ቀን አያሎን የተባለውን ዋና አውራ ጎዳና ዘጉ። ማታ ራቢን አደባባይ ላይ ፖሊስ በፈረስ፣ በድምፅ ቦምብና በውኃ በተናቸው። ኔታንያሁ ወታደሩን ቢሮአቸው ጠርተው አነጋገሩት፤ ፎቶ ተነሡ። በጁን ግን በደበደበው ፖሊስ ላይ ክስ አይመሠረትም ተባለ። ይህን የሰማ ልጅ በሕግ እንዴት ይመን?

ከዚያ 2019 መጣ። በጃንዋሪ ይሁዳ ቢያድጋ ባት ያም ከተማ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። አእምሮው የታመመ ልጅ ነበር፤ ፖሊስ የጠሩትም እርዱን ብለው የገዛ ቤተሰቦቹ ናቸው። ጁን 30 ደግሞ ሰለሞን ተካ፣ ገና ለጋ ወጣት፣ ሃይፋ አጠገብ ኪርያት ሃይም ውስጥ በጥይት ተመታ። የተኮሰው በዕረፍት ላይ የነበረ ፖሊስ ነው። ጥይቱ ከመሬት ነጥሮ አገኘው ተባለ። በኋላ የተመሠረተውም ክስ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነበር። ወጣቶቹ ከሰሜን እስከ ደቡብ መስቀለኛ መንገዶችን ዘጉ። ጎማ ነደደ፤ መኪናም ነደደ። በአንድ ምሽት ብቻ ከ100 በላይ ፖሊሶች መጎዳታቸውንና ከ130 በላይ ሰዎች መታሠራቸውን ፖሊስ ገለጸ። የሟች አባት የሐዘኑ ሰባት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ሰልፉን አቁሙልን ብለው ለመኑ።

የኔም ትልቁ ልጅ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። እሱን የሚያንገበግበው ነገር ከቴሌቪዥን የመጣ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሰፈራችን ያለች ትንሽ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚቆረጠም ዘር ይፈለፍላሉ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። "ተዑዳት ዘሁት" አሉት፤ መታወቂያ ማለታቸው ነው። እሱንና ሌላውን የኛን ልጅ ብቻ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ነጩን ጓደኛቸውን አልጠየቁትም። ያ ልጅ ራሱ አፍሮ መታወቂያውን አውጥቶ "የኔንስ?" አላቸው። "አንተ ተቀመጥ" አሉት። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የነገረኝ ጓደኛው እንዳፈረ፣ እሱም ጓደኛውን እያጽናና ወደ ቤት እንደተመለሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ሰለሞን በሞተ ማግስት "ሰልፍ እወጣለሁ" ሲል ምን ትሉታላችሁ?

አባቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። እሳቸው ያሉት ይህን ነው፦ "ለዚች አገር ልጅ ሱዳን ቀብሬ ነው የመጣሁ። ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም ስንል የኖርን መንገድ ልንዘጋባት ነው?" የቀበሩት ልጅ እህቴ ናት። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4000 የሚሆን ወገናችን አልቋል፤ ያልቀበረ ቤት የለም። ልጄ በዕብራይስጥ መለሰላቸው። "አባባ፣ አንቱ ስለ ዝምታችሁ ምን አገኛችሁ?" አለ። እኔ በመካከል ቆሜ አስተረጉማለሁ። በሥራዬ ለሰው ቤተሰብ የማደርገውን በገዛ ሳሎኔ ለአያትና ለልጅ ልጅ ሳደርገው ሆዴ ባባ። እውነት ለመናገር ግን በብዙ ቤት ያለው ይኸው ነው። አያቱ ዕብራይስጥ አይሞላላቸውም፣ ልጁ አማርኛ አይሞላለትም፤ እያንዳንዱ ሌላውን ፈሪ ወይም ባለጌ አድርጎ ያስባል።

ያን ቀን አባቴን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። "አባ፣ ኪንግ ጆርጅ ጎዳና ላይ ያደራችሁትስ?"

ይህን ብዙ ወጣት አያውቀውም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። በ1985፣ እኛ በመጣን በዓመቱ፣ የአገሪቱ ዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታችንን ተጠራጠረ። ለማግባት የፈለገ የኛ ሰው እንደ አዲስ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ይንጻ ተባለ። በስንት መከራ ሃይማኖቱን ጠብቆ ለመጣ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ቄሶቹ፣ ማለት የኛ የሃይማኖት መሪዎች፣ እና ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ኢየሩሳሌም መሐል፣ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ኪንግ ጆርጅ ጎዳና ላይ አንድ ወር ገደማ ተቀመጡ። እዚያው በሉ፣ እዚያው ጸለዩ፣ እዚያው አደሩ። ያሰቡትን ሁሉ በአንዴ አላገኙም። ግን ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ አልቀረም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የናታንያ ከተማ ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ወገኖቻችንን ያለዚያ ጥምቀት ማጋባት ጀመሩ።

አባቴ ከዚያ መንገድ ዳር ካደሩት አንዱ ናቸው። ልጄ ይህን ሲሰማ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ቤታችን ውስጥ ሰልፈኛ ነበረ? ለምን አልነገራችሁኝም?" አለ። አባቴም ጀመሩ። ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ፣ ቄሶቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እንዴት እንደሚቀመጡ፣ የማያውቋቸው የኢየሩሳሌም ሴቶች ሻይና ብርድ ልብስ እንዴት እንደሚያመጡላቸው። በመጨረሻ ግን "እኛ የማንንም መኪና አልነካንም" አሉት፤ ጠበቅ አድርገው። ልጄም "እኔም አልነካም" አለ።

እኔ ራሴ የወጣሁበት ሰልፍ የ1996ቱ ነው። ያኔ ወታደር ነበርኩ። ወታደር ቤት እያለሁ ደም ስጡ ሲባል ከጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ ሰጥቻለሁ። ጭማቂ ሰጡኝ፣ አመሰገኑኝ። ከዚያ በጃንዋሪ 1996 ጋዜጣ ጉዱን አወጣው፦ ከኛ ሰዎች የሚወሰደው ደም ለዓመታት በድብቅ እየተጣለ ነበር። ምክንያቱ የኤችአይቪ ስጋት ነው አሉ። ስጋቱን ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ይገባኝ ነበር። እየሳቁ ወስደው፣ አመስግነው፣ ከጀርባዬ መጣላቸውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጃንዋሪ 28 ቀን ወደ 10,000 የምንሆን ሰዎች ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣን። እኔ የሄድኩት የወታደር ልብሴን አውልቄ ነው፤ በዩኒፎርም ሰልፍ መውጣት ክልክል ነውና ወታደር ልጅ ያላችሁ ይህን አደራ ንገሩት። አስለቃሽ ጭስና ውኃ ረጩብን። ኋላ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለወላጆች አንድ ነገር ለማለት ነው። "የዛሬ ልጆች ከአሜሪካ የቀዱት ብልግና ነው" አትበሉ። ጥቁሮች አሜሪካ ውስጥ ያነሡት ንቅናቄ ልጆቻችንን እንደነካ እኔም አያለሁ። በተለይ በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ ከተገደለ በኋላ የልጄ ስልክ በሙሉ እሱ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ "እኛ በባርነት የተሸጥን አይደለንም፤ በእምነታችን ወደ አገራችን የተመለስን ነን" ይላሉ። ልክ ናቸው። ልጁ ግን መናፈሻ ውስጥ መታወቂያ ሲጠየቅ ማንም ታሪኩን አልጠየቀውም። የታየው ቆዳው ነው። ስለዚህ ልጁ ከሚኒያፖሊሱ ሰው ጋር አንድ ነኝ ቢል አልፈርድበትም። የገዛ አያቱን ታሪክ ሳያውቅ የሌላውን ብቻ እንዳያውቅ ግን እፈልጋለሁ። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን፤ ንገሯቸው።

ስለ መንገድ መዝጋትና ስለ ቃጠሎ ብዙ ሰው ሐሳቤን ይጠይቀኛል። መኪና ማቃጠል ነውር ነው። የተቃጠለው መኪና የፖሊስ አዛዡ መኪና አይደለም፤ ከሥራ የሚመለስ የአንድ አባወራ መኪና ነው። ጉዳቱም የደረሰው በራሳችን ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኛ ጋር ያለቀሰች የቢሮ ባልደረባዬ በሦስተኛው ቀን "መንገድ ላይ አምስት ሰዓት ከነልጄ ታገትኩ" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። መንገድ መዝጋትን ግን በአንድ ሚዛን አላየውም። ከ1996 ጀምሮ አጥር ተከልሎልን በጨዋ ሰልፍ ስንቆም ዜናው የሚያልቀው በማግስቱ ነው። መንገድ ሲዘጋ ነው አገሩ ቆሞ የሰማው። የሚያሳስበኝ ሰልፉ አለቃ የሌለው መሆኑ ነው። ማታ ላይ "በቃ፣ ወደ ቤት" የሚል ሰው አልነበረም። ጨለማ ሲሆን ድንጋይ የሚያነሣው ሁልጊዜ የኛ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የሚታሠረው ግን የኛ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ትልልቅ ሰዎች አብረው ይውጡ የምለው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ልጄ ሲወጣ አብሬው ወጣሁ። አባቴም በቀን፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ነጠላቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። መስቀለኛ መንገዱ ዳር ላይ አንዱ የፕላስቲክ ወንበር አመጣላቸው። እሳቸው ሲቀመጡ ሁለት ሦስት የማናውቃቸው ልጆች መጥተው ጉልበታቸውን ሳሙ። አንድ ወጣት ከፖሊስ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ሲጮህ አባቴ "ልጄ፣ ና እስቲ ውኃ አቀብለኝ" ብለው ጠሩት። መጣ። ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያወራ ቆየ። ሰፈራችሁ ውስጥ ሰልፍ ካለ ሽማግሌዎችን ለምናችሁ አምጡ። እናቶችም ውጡ። እናት የቆመችበት ቦታ ላይ ልጁም ፖሊሱም ቀስ ይላል፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሲመሽ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። በዚህ ላይ እኔ ግትር ነበርኩ። ልጄ ተቆጣ፣ "ፈሪ" አለኝ። ይበል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጃችሁ ቢያዝ አትጩኹ፣ ስልክ አንሡ። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ለወላጅ መነገር አለበት፤ የትኛው ጣቢያ እንዳለ ጠይቃችሁ ወዲያው ሂዱ። ጠበቃ የማማከር መብት አለው። የመክፈል አቅም ከሌላችሁ መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ፣ ሳኔጎርያ የሚሉት አለ። ልጃችሁ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ታሪክ አይዘርዝር። እናንተም ያልገባችሁ የዕብራይስጥ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እንደ ውለታ አትቁጠሩት። ብዙ አባቶቻችን "ፈርምና ልጅህን ይዘህ ሂድ" ሲባሉ ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ። ያ ወረቀት ልጁ ጥፋቱን እንዳመነ የሚቆጠርበት ሊሆን ይችላል።

ልጁ ከተመታ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የሐኪሙንም ጽሑፍ ያዙ። "ያልፋል" ብሎ ማደር የለም። ከሳምንት በኋላ የጠፋ ሰንበር ማንም አያምናችሁም። ልብሱን አትጠቡ። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የፖሊሱን ስም ወይም ቁጥር ልጁ ሳይረሳው ጻፉት። ከዚያ በቦታው ያሉ ሱቆችን እየዞራችሁ ካሜራ እንዳላቸው ጠይቁ። ይህን አደራ የምላችሁ ከዳማስ ጉዳይ ተምሬ ነው። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ያ ወታደር ዛሬ ፖሊስ የመታ ተብሎ ነበር የሚታወቀው። የሱቅ ካሜራ ደግሞ ቀረጻውን ብዙ አያቆይም፣ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል፤ ስለዚህ ነገ አትበሉ። ባለሱቁ ቪዲዮውን አልሰጥም ቢል እንኳ እንዳያጠፋው ለምኑት፤ ለጠበቃውም ንገሩ።

በፖሊስ ላይ የሚቀርበው አቤቱታ የሚሄደው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው መርማሪ ክፍል ነው። እዚህ ማሐሽ ይሉታል። በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂም ያዙ። "ምን ይጠቅማል፣ ይዘጉታል" የሚል ሰው ይበዛል። ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ አልዋሻችሁም። ያልተጻፈ ግን እንዳልሆነ ነው የሚቆጠረው። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ ከ50 በላይ ምክረ ሐሳቦች ይዞ ሲወጣ፣ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ በኛ ላይ ዘረኝነት እንዳለ በግልጽ የጻፈው ሰዎች ቀርበው ስለተናገሩ ነው። በዚያው ዓመት የፖሊስ ዋና አዛዥ የነበሩት ሮኒ አልሼይክ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር ተናግረው ነበር። ብዙዎቻችን አዘንን። እኔ ግን በአፋቸው ማውጣታቸው ጠቀመን እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ "ትፈጥራላችሁ" የሚለን ሰው ቀነሰ።

ከኮሚቴው በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተከፈተ። እንዲመራው የተሾመውም ከኛው መካከል የሆነ የሕግ ባለሙያ፣ አወቀ ኮቢ ዜና ነበር። ፖሊሶች ካሜራ ደረታቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጃንዋሪ 2021 ውሳኔ ነው። ለማኅበረሰባችን የሚሟገተው ጠበቃ የተባለው ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበ። ፍርድ ቤቱም ፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖረው ሰውን እያስቆመ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚፈቅደውን አሠራር ሕገወጥ ነው አለ። ልጄ ያን ቀን ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ለአያቱ ያነበበላቸው ራሱ ነው፤ በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔ ሳልገባበት።

ታዲያ ውሳኔው ወጣ ብላችሁ ልጃችሁ መንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር ሕግ እንዲከራከር አታድርጉ። እኔ ልጆቼን ያስተማርኳቸው እንዲህ ነው። እጃችሁ ይታይ። መታወቂያውን ስጡ። በተረጋጋ ድምፅ "ለምን እንዳስቆማችሁኝ ማወቅ እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አስታውሱ። ጓደኛ ካለ ራቅ ብሎ ይቅረጽ። ክርክሩ ቤት ከገባችሁ በኋላ፣ በወረቀት ይሆናል። ልጅን እንዲህ ማስተማር ያማል፤ የጓደኛው እናት ይህን ማስተማር አይጠበቅባትም። ቢሆንም አስተምሩ።

የመጨረሻው ነገር ቲክ የሚሉት፣ ፖሊስ የሚከፍተው ፋይል ነው። ከሰልፍ ተይዞ በማግስቱ የተለቀቀ ልጅ "አለቀ" ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜ አላለቀም። ፋይሉ ክፍት ሆኖ ይቆይና የወታደርነት ጥሪ ሲመጣ ይወጣል። ጥሩ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ ይቀራል፤ ሥራ ሲያመለክትም ይገጥመዋል። እኔ ዘንድ የመጡ ወላጆች አብዛኞቹ ይህን ያወቁት ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ በተፈታ በሳምንቱ ጠበቃው ዘንድ ሂዱ። ፋይል መኖር አለመኖሩን፣ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ወይም ክፍት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅላችሁ። "ማስረጃ የለም" ተብሎ የተዘጋና "ጥፋት የለም" ተብሎ የተዘጋ አንድ አይደሉም፤ የመዝጊያው ምክንያት እንዲቀየር መጠየቅ ይቻላል። ቀጠሮ ያላችሁ ቀን ዕብራይስጥ የሚከብዳችሁ ከሆነ የከተማችሁን መጋሼር ይዛችሁ ሂዱ። ሥራችን ነው፤ አትፈሩን፣ ጥሩን።